ርካሽ ሎንች ሞኒተር ለጎልፍ ልምምድ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሎንች ሞኒተር የጎልፍ ኳሷ ከዱላው ስትለይ ፍጥነቷን፣ የተነሳችበትን ማዕዘንና አቅጣጫ ለክቶ የት እንደምታርፍ የሚነግር መሣሪያ ነው። ፕሮፌሽናሎቹ የሚጠቀሙበት ትራክማን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። እኛ የምናወራው ከ200 እስከ 700 ዶላር ስላሉት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በጀቴ 600 ዶላር ነው። የቱን ልግዛ?

የምትለማመደው ሬንጅ (ኳስ እየመቱ የሚለማመዱበት ሜዳ) ላይ ከሆነ ጋርሚን አር 10ን ውሰድ። በ2021 ሲወጣ ዋጋው 600 ዶላር ነበር፤ አሁን ቅናሽ ሲኖር ከዚያም በታች ይገኛል። ራዳር ነው። ከኳሷ በስተኋላ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከስልክህ ጋር ታገናኘዋለህ፣ በቃ። የኳስ ፍጥነትንና የመነሻ ማዕዘንን በደንብ ይይዛል። የሬንጅ ልምምዱ ነፃ ነው። በወር 10 ዶላር ገደማ የምትከፍለው በስልክህ ላይ የጎልፍ ሜዳዎችን ልጫወት ካልክ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። መሣሪያውን ስታስቀምጥ አቅጣጫውን አስተካክል። በ2 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 150 ያርድ ላይ ኳስህን ከ5 ያርድ በላይ አስቶ ያሳይሃል። ከዚያ ደህናውን ስዊንግህን፣ ማለትም የዱላ አወዛወዝህን፣ ላስተካክል ብለህ ታበላሸዋለህ። መሬት ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ ወደ ዒላማው አጋድምና መሣሪያውን በእሱ ልክ አድርገው።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ)፦ ስፒን (የኳሷን ሽክርክሪት) በትክክል የማይለካ መሣሪያ ዋጋ የለውም ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

እህቴ፣ ለአብዛኞቻችን እውነት አይደለም። በዚህ ዋጋ ያሉት ራዳሮች ስፒንን ባብዛኛው ከሌሎቹ ቁጥሮች ተነስተው ነው የሚያሰሉት። ስለዚህ የስፒኑን ቁጥር እንደ ግምት ያዢው። ስፒን በጣም የሚያስፈልገው አዲስ ድራይቨር (ሩቅ የሚመታው ረጅሙ ዱላ) ለመምረጥና ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆነው ዱላ) ላይ በጥልቀት ለመሥራት ነው። ለሳምንታዊ ልምምድ የኳስ ፍጥነትና ካሪ፣ ማለትም ኳሷ መሬት ሳትነካ አየር ላይ የሄደችው ርቀት፣ ይበቁሻል።

የግድ ስፒን እፈልጋለሁ ካልሽ ራፕሶዶ ኤምኤልኤም 2 ፕሮን እዪ። በ2023 በ700 ዶላር ነው የወጣው። ከራዳሩ ሌላ ሁለት ካሜራ አለው። ነገር ግን ስፒኑን የሚለካው ልዩ ምልክት የታተመባቸውን ኳሶች ስትመቺ ነው፤ የሬንጅ ኳስ አይሆንም። ሙሉውን አገልግሎት ለማግኘትም በዓመት 200 ዶላር ገደማ አለው። የሦስት ዓመቱን ደምሪና ከዚያ ወስኚ። ዕቃ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ብቻ ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ እዚህ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው። ቤዝመንት ውስጥ መረብ ሰቅዬ ልለማመድ?

ሜትር ይዘህ ውረድ። ራዳር ከሆነ ከኳሷ በኋላ 2 ሜትር፣ ከኳሷ እስከ መረቡ ደግሞ ቢያንስ 2.4 ሜትር ያስፈልገዋል። ከመረቡ ጀርባ የሚተወውን ክፍተት ስትጨምር 5 ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ያን ያህል ከሌለህ ከኳሷ ጎን የሚቀመጥ ባለካሜራ ይሻልሃል። ስኩዌር የሚባለው 700 ዶላር አካባቢ ነው።

ጣሪያውንም እይ። የብዙ ቤዝመንት ጣሪያ 2.4 ሜትር ነው፤ ድራይቨር ለማወዛወዝ አይበቃም። 3 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ በአይረን (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆኑት ዱላዎች) እና በዌጅ ብቻ ተለማመድ። ፋን ካለም አጥፋው፤ ራዳር የሚንቀሳቀስ ነገር ያደናግረዋል።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ ሬንጅ ላይ የሚያሳየኝ ርቀት ከሜዳው ያነሰ ነው። መሣሪያዬ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፤ ኳሶቹ ናቸው። የሬንጅ ኳስ ብዙ የተመታ፣ ያረጀ ነው፤ አንዳንዱም ሆን ተብሎ ሩቅ እንዳይሄድ የተሠራ ነው። ከዱላው ሲለይ ፍጥነቱ ያንሳል፣ መሣሪያውም ያየውን ነው የሚነግርህ። ሬንጁ ከፈቀደልህ የራስህን ጥቂት ኳሶች ምታና ልዩነቱን እወቅ።

ሌላም አለ። ጎንህ ሰው ሲመታ የእሱን ኳስ ያንተ ነው ብሎ የሚመዘግብበት ጊዜ አለ። ከተቻለ ዳር ያለውን ቦታ ያዝ።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ ልጄ፣ እኔ ከስልክ ጋር አልስማማም። አውጥቼ አስቀምጬ የምመታበት ነገር አለ?

አለ፣ ጋሼ። ፒአርጂአር የምትባለዋን ይግዙ። ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፣ ዋጋዋም 230 ዶላር አካባቢ ነው። የዱላ ፍጥነት፣ የኳስ ፍጥነትና ርቀት በራሷ ስክሪን ላይ ታሳያለች። ወርሃዊ ክፍያ የሚባል የላትም። ትንሽ ጨምረው ተለቅ ያለ ስክሪን ከፈለጉ ስዊንግ ካዲ አለልዎት፤ ርቀቱን በድምፅም ይናገራል። እኔ ለአባቴ የምገዛው አንዱን ከሁለቱ ነው።

ጥያቄ (ላስ ቬጋስ)፦ ገዛሁት። አሁን ምን ላድርግበት? ቁጥር ብቻ እያየሁ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። በ7 አይረን አሥር ኳስ ምታ። እንበል ካሪው በያርድ እንዲህ መጣ፦ 131፣ 128፣ 134፣ 112፣ 130፣ 127፣ 145፣ 129፣ 98፣ 132። ብዙ ሰው 145ቷን ይዞ ይሄድና ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ያጥረዋል። አንተ በቅደም ተከተል ደርድርና መሐል ላይ ያሉትን እይ፤ 129 እና 130 ናቸው። የ7 አይረንህ ርቀት 130 ነው። በሌሎቹም ዱላዎች እንዲሁ አድርግና ጻፈው። በሁለት ዱላ መካከል 25 ያርድ ክፍተት ካገኘህ ቀጣዩ ልምምድህ እዚያ ነው።

98 የሆነችው ምናልባት ከኳሷ በፊት መሬት የመታህባት ናት። የሬንጅ ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ነጥሮ ኳሷን ስለሚያገኛት እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ ይደበቃል፤ ቁጥሩም ደህና ይመስላል። ይህን የትኛውም መሣሪያ አይነግርህም። ስለዚህ ሣር ያለበት ሬንጅ ካገኘህ አትለፈው።

ለድራይቨር ስማሽ ፋክተርን ተከታተል። የኳስ ፍጥነት ለዱላ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሰዓት 90 ማይል አወዛውዘህ ኳሷ በ126 ከወጣች 1.40 ነው። ኳሷን በዱላው ፊት መሐል ብታገኛት ወደ 1.48 ትጠጋለች፣ ፍጥነቷም 133 ይሆናል። አንድ ማይል ወደ 2 ያርድ ገደማ ስለሚያስጨምር፣ ምንም ሳትጠነክር 14 ያርድ አገኘህ። 1.55 ካሳየህ ደግሞ አትደሰት፤ 1.50 ገደማ ጣሪያው ነው፣ መሣሪያው የዱላህን ፍጥነት ስቷል።

ጥያቄ (ሚኒያፖሊስ)፦ ባለቤቴ ግራኝ ናት። ሁለታችን በአንድ መሣሪያ እንችላለን?

ትችላላችሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ራዳር ይሁን። ከጎን የሚቀመጠው በየተራችሁ ቦታ መቀየር ስላለበት ያሰለቻችኋል።

ጥያቄ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ። ቁጥሩ ይለያይ ይሆን?

የኳሷ ፍጥነት አይለወጥም፤ ርቀቱ ይጨምራል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ኳሷን የሚይዛት ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 150 ያርድ የምትሄድ ኳስ እናንተ ጋ 159 ገደማ ትሄዳለች። 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ባለው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 163። የጋርሚኑ አፕ ላይ ከፍታና ሙቀት መሙላት ይቻላል፤ እንደደረስክ አስተካክለው።

ጥያቄ (ሳን ሆዜ)፦ ያገለገለ ብገዛስ?

ደህና ነው፤ ግን ሻጩ ፊትህ ከራሱ አካውንት ያውጣልህ፣ አንተም እዚያው ከስልክህ ጋር አገናኘው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቀው። ከቻልክ ሬንጅ ላይ ተቀጣጠሩና ጥቂት ኳስ መትተህ ክፈል።