በሬሞን ቤት ደጃፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤቴ በአዲስ አበባው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ሲሠራ ኖሮ ወደ ባንኮክ ተዛውሯል፤ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በቅርቡ እንከተለዋለን። ባልደረቦቹ እንግዳ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያም ወደ ፑኬት ባሕር ዳርቻ ነው አሉ። መግባት ኃጢአት ነው? ደግሞም የምንለቀው ቤት እናቴ ያረፈችበት ቤት ነው፤ ሌሊት የማኅሌቱ ድምፅ እስከ መኝታዬ ይሰማል። ሻንጣ ባየሁ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ አማቴ «እንደ ሎጥ ሚስት ወደ ኋላ አትዪ» ብለው ገሠጹኝ። ከግቢያችን ጥቂት አፈር በላስቲክ ቋጥሬ ልያዝ ብል ደግሞ ባለቤቴ «ይሄማ ጥንቆላ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከአማትሽ ልጀምር። የሎጥ ሚስት ዘወር ብላ ያየችው ሰዶምን ነው፤ እሳት የሚዘንብባትን ከተማ። ማኅሌት የሚሰማበት ቤት ሰዶም አይደለም። ዮሴፍ በልጅነቱ ተሽጦ በ110 ዓመቱ እስኪሞት በግብፅ ኖረ፤ ተሾመ፣ አገባ፣ ወለደ። ሊሞት ሲል ግን ወንድሞቹን «አጥንቴን ይዛችሁ ውጡ» ብሎ አስማላቸው፤ በዚህ የነቀፈው የለም። በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱትም ለቅሷቸው መዝሙር ሆኖ እስከ ዛሬ እንጸልይበታለን። አልቅሺ። ከአማትሽ ጋር ግን በዚህ አትሟገቺ፤ የልጅ ልጆቻቸው መሄድ እሳቸውንም ከብዷቸው ይሆናል።

ስለ ቤተ መቅደሱ ስትጠይቂኝ ትዝ ያለኝ ሶርያዊው ንዕማን ነው (2ኛ ነገሥት 5)። ከለምጹ ከነጻ በኋላ ኤልሳዕን፣ ንጉሡ እጄን ተደግፎ በሬሞን፣ በሶርያውያን ጣዖት፣ ቤት ሲሰግድ አብሬው ባጎነብስ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለው። ነቢዩም በሰላም አሰናበተው። ይህን ታሪክ እንደ ይለፍ ወረቀት የሚይዙት አሉ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ንዕማን የለመነው ይቅርታ ነው፤ ያውም የንጉሥ ክብደት ክንዱ ላይ አርፎ። የአንቺን ክንድ የተደገፈ ንጉሥ የለም።

ገብቶ ማየት ግን ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና እየዞረ የሚያመልኩትን ተመልክቷል፤ የመሠዊያውን ጽሑፍ እንኳ አንብቦ ለስብከቱ መነሻ አድርጎታል (ሐዋ. 17)። ባንኮክ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ገብተሽ 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ የቡድሃ ምስል ብታዪ ካድሽ አልልሽም። ጫማ አውልቂ ካሉሽ አውልቂ፣ ትከሻሽን ሸፍኚ፣ እግርሽን ወደ ምስሉ አትዘርጊ፤ የሰው ቤት ወግ ነው፣ እዚያ አገር መኖሪያ ቤትም ሲገባ ጫማ ይወልቃል። እኔ የምፈራልሽ እጅሽን ነው። ከምስሉ ጀርባ በግድግዳው ጥግ 108 የነሐስ ሳሕኖች ተደርድረዋል፤ ሰዉ ሳንቲም ይዞ በየሳሕኑ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል። ድምፁ ደስ ይላል፤ ልጆችሽም «እማዬ፣ እኛም!» ማለታቸው አይቀርም። እዚያ ጋ እምቢ በይ። ሦስት እንጨት ዕጣን ለኩሶ መንበርከክም፣ የወርቅ ቅጠል ምስል ላይ መለጠፍም ያው ነው። «ፍልስፍና እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ዕጣኑን ይዛ ልጅ የምትለምነውን ሴት አይተሽ ፍረጂ።

እኔ ራሴ ታማሚ ዘመዴን ይዤ ባንኮክ የሄድሁ ጊዜ ስቻለሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ፈገግ ብለው እጄን ያዙና ነጭ ክር አንጓዬ ላይ ቋጠሩልኝ፤ እንግዳ መቀበያ መስሎኝ ዝም ብዬ ቆምሁ። የተደገመበት መሆኑን የሰማሁት በማግስቱ ነው። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ሰው ክር ምን እንደሚናገር ማንም ሊነግረው ባላስፈለገ ነበር! ፈታሁት፤ ስመለስም ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። አንቺን መነኮሳቱ አይነኩሽም፣ ሴት መንካት ክልክላቸው ነው፤ ክሩን ግን በሌላ ሰው እጅ ሊያሳስሩልሽ ይችላሉ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ በትሕትና እምቢ በይ።

በምትከራዩት ግቢ ጥግም በምሰሶ ላይ የቆመች ትንሽ ቤት ታገኙ ይሆናል። የቦታው መንፈስ ማደሪያ ናት ብለው አበባና ቀይ ፋንታ ያቀርቡላታል። አትደንግጪ፤ የእኛው አድባርና ቆሌ ዘመድ ናት፤ ቅቤ የተቀባ ዋርካ አይተን ያደግን ሰዎች ነን። የአከራዩ ንብረት ስለሆነች አታፍርሷት፤ አታገልግሏትም። ልጆቹ ፋንታውን አንሥተው እንዳይጠጡ ብቻ ንገሪያቸው።

የባሕሩ ነገር ብዙ አያነጋግርም። ዳዊት «ይህች ባሕር ታላቅና ሰፊ ናት» ብሎ ያመሰገነባት ፍጥረት ናት፤ ልጆችሽን ይዘሽ ዋኚ። በጾም ከሆነ ጭፈራውና ዓሣው ይቅር። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ «ጄ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት (ፊደሉ 17 ቁጥርን ይመስላል) ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለበት ምግብ ይሸጣል። ሌላ ቦታ አትክልት ብቻ ብለሽ ብታዝዢም ናም ፕላ የሚሉትን የዓሣ ፈሳሽ ይጨምሩበታልና ቀድመሽ ጠይቂ። ስለ ቁርባን ግን «ኦርቶዶክስ» የሚል ስም አይተሽ ብቻ እንዳትቀርቢ፤ ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አግኚ። ባንኮክ ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል፤ እሑድ እዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። የሰፈርሽ ቅዳሴ ላይ ልብሽ ሲሄድ ልጆቹን አስነሥተሽ አብራችሁ ቁሙ።

አፈሩ ቀረ። ያው ንዕማን ከኤልሳዕ የለመነው የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር ነበር፤ በሶርያ ሆኖ ለእስራኤል አምላክ ሊሠዋ ስለፈለገ ነው። ባለቤትሽ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ሳቁን ይቀንስ ነበር። አንቺም ራስሽን መርምሪ፤ ከክፉ ይጠብቀኛል ብለሽ ትራስ ሥር የምታደርጊው ከሆነ ከነጩ ክር አይለይም። ለትዝታ ከሆነ ነውር የለበትም። ችግሩ፣ ተባይ ያስገባል ብለው አየር ማረፊያ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ። የእናትሽ ዳዊት ቤት ውስጥ ካለ እሱን ያዢ፤ የጧፍ ሰም የነጠበበት ገጽ አይጠፋውም።