የብራና መጽሐፍ በጨረታ ገዛሁ፣ ደረሰኝም አለኝ ላሉኝ ጋሼ

ከቢቸና አካባቢ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጽፈውልኛል። ረጅም ስለሆነ ባጭሩ ላስቀምጠው፦ "ከሦስት ዓመት በፊት የወረዳችን ተወላጆች ማኅበር ለጤና ጣቢያ ማሠሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ ባዘጋጀው ጨረታ የብራና ተአምረ ማርያም በ48,000 ብር ገዛሁ። ደረሰኝና ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ አለኝ። ከፊት ያለው ቅጠል ትንሽ ተፍቋል እንጂ ሌላው ደህና ነው። አሁን አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤታችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዋሽንግተን በሚያዘጋጁት የእራት ጨረታ ላይ እናቅርበው፣ ለጥምቀት ስመጣ ይዤው እሄዳለሁ ይለኛል። ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ይከፈልበታል ወይ? ለበጎ አድራጎት ስለሆነስ ነፃ አይሆንም?"

ጋሼ፣ ቀረጡን እርሱት፣ መጽሐፉ ከአገር አይወጣም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅደው ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ሲሆን ነው፣ እሱም በሚኒስትር ደረጃ ተፈቅዶ። ውጭ ወስዶ ለመሸጥ የሚሰጥ ፈቃድ የለም፣ በጎ አድራጎት ቢሆንም ባይሆንም። ቦሌ ላይ ሻንጣው ውስጥ ቢያገኙት ልጁ በወንጀል ነው የሚጠየቀው። አገር ውስጥ መሸጥ ቢያስቡ እንኳ አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለ፣ የመግዛት ቅድሚያም የእነሱ ነው። ብራና በግል መያዝ ግን ወንጀል አይደለም፣ ሕጉ የግል ባለቤትነትን ያውቃል፣ ብቻ ይመዝገብ ይላል። እርስዎ አስመዝግበዋል? ደብዳቤው ላይ አላየሁትም።

ያላየሁት እሱን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የማኅደሩን ቆዳ፣ የሥዕሎቹን ቀለም፣ ማን ከማን ጋር እንደተጫረተ፣ አዳራሹ ውስጥ እልል እንደተባለ ሁሉ ነግረውኛል፣ መጽሐፉን ለማኅበሩ ማን እንደሰጠው ግን አንድ ቃል የለም። ረስተውት ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ፣ ግን ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚዘለው ብዙ ጊዜ ሲያሳስበው ነው።

ሌላው "ትንሽ ተፍቋል" ያሉት ነው። እርስዎ ጎጃም ተወልደው ያደጉ መምህር ነዎት፣ ብራና ፊትና ኋላ ላይ ምን እንደሚጻፍበት ለእርስዎ አልነግርም። "ዝ መጽሐፍ ዘ" ተብሎ የደብሩ ወይም ያጻፈው ሰው ስም ይጠቀሳል፣ ቀጥሎ "ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ" ተብሎ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ግዝቱ ላይ ሌባውና ፋቂው ጎን ለጎን የተጠሩት ያለ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ድሮም መጽሐፍ በደንብ ተሸጦ ሲዛወር አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፍ ነበር፣ ስለዚ የተፋቀ ሁሉ የተሰረቀ ነው አልልም። ግን ያ ሲሆን በፋቁት ላይ ሌላ ስም ይገኛል። የእርስዎ ባዶ ከሆነ ያሳስበኛል።

አሁን በጥብቅና ሥራዬ ደንበኞቼ ሁልጊዜ የሚወድቁበት ጉድጓድ ጋ ደረስን። ሰዉ ሁሉ "በጨረታ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኝ አለኝ፣ ገንዘቡም ለበጎ ሥራ ነው የዋለው" ይለኛል፣ በቃ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ይሄ ከልማድ የመጣ ይመስለኛል፣ የንግሥ ዕለት በግ ይወጣል፣ ጃንጥላ ይወጣል፣ ዋጋ ይጠራል፣ አሸናፊው ይወስዳል፣ በጉ ከማን ቤት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ መጠየቁም ነውር ነው። ያንን ልማድ ይዘን ብራና ጨረታ እንገባለን። ማኅበሩ ግን ለእርስዎ ሊያስተላልፍ የሚችለው የሰጠው ሰው የነበረውን መብት ነው፣ ደረሰኙ ገንዘብ መክፈልዎን ያሳያል እንጂ ሰጪው ባለቤት እንደነበረ አያሳይም። የገንዘቡ ዓላማ ጥሩ መሆንም የመጽሐፉን ታሪክ አይቀይረውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቅን ልቦና የገዛን ይጠብቃል አይደል እንዴ ይሉኛል። ቁጥር 1161 አዎ ይጠብቃል፣ ግን ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ 1165 ይመጣል፣ ባለቤቱ 10 ዓመት ሳያልፍ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ከዛ 1167 አለ፣ በቅን ልቦና በሐራጅ፣ ማለት በሕዝብ ጨረታ፣ የገዛ ሰው ሲመልስ የከፈለውን ከባለቤቱ ይቀበላል ይላል፣ ሰዎች "ጨረታ" የሚለውን እዚ ላይ ያዩና ይረጋጋሉ። ጋሼ አይረጋጉ። አንደኛ፣ የማኅበር አባላት በግብዣ ተሰብስበው የሚያደርጉት ጨረታ ሕጉ ያለው የሕዝብ ሐራጅ ነው ወይ ብሎ የዛኛው ወገን ጠበቃ ይከራከርዎታል፣ እኔ ነው ብዬ ልከራከርልዎ እችላለሁ፣ ውጤቱን ግን ቃል አልገባም። ሁለተኛ፣ የተፋቀ ቅጠል እያየ ያልጠየቀ ሰው ቅን ልቦና ነበረው ወይ? ዳኛው ይሄን ሲጠይቅዎ ምን ይላሉ? መጠርጠር ሲገባው የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ነገሩ ወደ ወንጀል ሊዞርበት ይችላል፣ አሁን ጥርጣሬው ከገባዎት በኋላ ለሌላ ሰው ማሳለፍ ደግሞ የባሰ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ እንዲሁ ለበጎ ሥራ በተደረገ ጨረታ ድጓ፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ ገዝቶ። ሰጪው "የአባቴ ነው፣ መሪጌታ ነበሩ" ብሎ ነበር፣ አልዋሸም፣ አባቱ ቤት ነው ያገኘው። ኋላ ሽማግሌዎች የቆየ የንብረት መዝገብ ይዘው መጡ፣ ለካ መሪጌታው ተማሪ ሊያስተምሩበት ከደብሩ ተውሰውት ሳይመልሱት አርፈው ነው። ጎጃም ውስጥ ይሄ ብዙ ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያን በሕግ ራሷን የቻለች ሰው ናት፣ መጽሐፉ የእሷ እንጂ የገበዙም የመሪጌታውም አይደለም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሰጠው አይችልም። ደንበኛዬ መለሰው፣ ገንዘቡ ግን ግድግዳ ሆኖ ቆሞ ነበር።

የእህትዎ ልጅ "ውጭ ማን ያውቀዋል" ካለዎት ይሄን ይንገሩት። እዛው ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሰብሳቢ በስጦታ ያገኘውን ብራና በ2008 ዓ.ም. ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል፣ የገዳሙ መሆኑ የታወቀውም ድሮ እዛው ገዳሙ ውስጥ ማይክሮፊልም በሚባለው የፎቶ ፊልም ተነስቶ ስለነበር ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች እንዲህ ተነስተዋል፣ ብዙዎቹን ዛሬ ማንም ኢንተርኔት ላይ ያያቸዋል። በ2013 ደግሞ እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች፣ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ ጭምር፣ ለጨረታ ወጥተው ኤምባሲያችን ጠይቆ ከሽያጭ ተነስተዋል።

እንግዲህ ሰነድ ይሰብስቡ። ደረሰኙንና ደብዳቤውን ኮፒ ያድርጉ፣ ማኅበሩ የሰጪውን ስም የያዘ ቃለ ጉባኤ ካለው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ በቃል የነገሩዎትን አልቀበልም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ያንሱት፣ የተፋቀውን ቅጠል በተለይ። አይጠቡት፣ ፕላስተር አይለጥፉበት፣ ቀለም ደግመው አያስጽፉበት፣ የተፋቀ ጽሑፍ አንዳንዴ በልዩ መብራት ይነበባል። የሚያምኑትን መሪጌታ ጠርተው መሐል ላይ ያሉትን ስሞች ያስነብቡ፣ ፋቂዎች የፊቱን ፍቀው ጸሎቱ ውስጥ ያለውን ስም ይረሱታል። ከዛ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከመሄድዎ በፊት፣ በፊት እላለሁ፣ ጠበቃ ያማክሩ፣ እኔ ባልሆን ደብረ ማርቆስ ጥሩ ጠበቆች አሉ፣ ምን ብለው እንደሚያስመዘግቡ ቃሉ ወሳኝ ነው። የደብር ሆኖ ከተገኘም ራስዎ ወስደው ማስረከብዎና ፖሊስ ቤትዎ መጥቶ መውሰዱ በሕግ ፊት የሰማይና የምድር ያህል ነው፣ ሲያስረክቡ ግን በሰበካ ጉባኤው ማኅተምና በምስክር ይሁን።

ለትምህርት ቤቱ ጨረታ ልጁ ዛሬም በብራና የሚጽፉ ጸሐፍት ጋ አዲስ ማስጻፍ ይችላል፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ አስወጥቶ ይዞት ይሄዳል። አሁኑኑ ይደውሉለትና ጨረታው ላይ የሚቀርቡ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የእርስዎን መጽሐፍ አስገብቶ ከሆነ ዛሬውኑ ያውጣው፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቆት ከሆነም ለማን ለማን እንደላከ ጠይቀው ይጻፉልኝ።