ባለጌ ነው ወይስ ባይተዋር? ስለ ቦቢ ዱፒያ የቀረቡ ጥያቄዎች

የዛሬው ዓምድ ለአንድ ፊልም ብቻ ይሆናል። «ፋይቭ ኢዚ ፒስስ» በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ። አዘጋጁ ቦብ ራፌልሰን ነው፤ ካሮል ኢስትማን በብዕር ስም ጻፈችው፤ ጃክ ኒኮልሰን መሪ ተዋናይ ነው። ከፒያኖ ተጫዋቾች ቤት የተወለደው ቦቢ ዱፒያ ሙዚቃውን ጥሎ በካሊፎርኒያ ነዳጅ ማውጫ ላይ የጉልበት ሥራ ይሠራል፤ ሬዬት ከምትባል የምግብ ቤት አስተናጋጅ ጋር ይኖራል። አባቱ መታመሙን ሲሰማ ወደ ሰሜን፣ ዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ደሴት ይጓዛል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አራት ሆነን አየነው። ሁለታችን «ራስ ወዳድ ባለጌ» አልነው፤ ሁለቱ «ማስመሰል ያቃተው እውነተኛ ሰው» ብለው ድርቅ አሉ። ማን ይርታ?

መልስ፦ ፊልሙ አንድ ጠባይ አለው። ቦቢ ልብ የሚነካ ወይም የሚያስጨበጭብ ነገር ያደርጋል፤ ጥቂት ሳይቆይ ያንኑ በገዛ አፉ ያፈርሰዋል። መጀመሪያውን ይዞ የወጣ ይወደዋል፣ ጅራቱን ይዞ የወጣ ይጠላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምንመክራችሁ እያንዳንዱን ትዕይንት ከነጅራቱ እንድታዩት ነው።

ለወንድሙ እጮኛ ለካትሪን ፒያኖ የሚጫወትላትን ቦታ መልሳችሁ ክፈቱት። ድርሰቱ የሙዚቃ ደራሲው የሾፓን ፕሬሉድ (አጭር የፒያኖ ድርሰት) ነው፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 28 ቁጥር 4፣ በኢ ማይነር። ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው። ቀኝ እጅ በሁለት ጎረቤታም ኖታዎች ላይ ሲመላለስ ግራ እጅ ኮርዱን (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) ደጋግሞ እየመታ በግማሽ እርከን፣ በግማሽ እርከን ቁልቁል ይወርዳል። ጣት አያስቸግርም፤ ሰሚውን ግን ሆዱን ያባባዋል። ለተማሪ ቶሎ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ያን ጊዜ የፊልሙ ቀራጭ የላስሎ ኮቫች ካሜራ ካትሪንን አልፎ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የቤተሰብ ፎቶግራፎች ላይ በቀስታ ይዞራል። ሙዚቃው ሲያልቅ እሷ ተነክታለች። እሱ ግን ትዝ ካሉት ሁሉ ቀላሉን እንደመረጠ፣ በስምንት ዓመቱ ከዚህ አሻሽሎ ይጫወተው እንደነበር፣ ሲጫወትም ምንም እንዳልተሰማው ይነግራታል። ካትሪን ተሞኘሁ ብላ ትቆጣለች። አብረን ተሞኝተናል።

እውነቱን ነው? አይመስለንም። ማስረጃችን ቀደም ብሎ ያለው የመኪና መጨናነቅ ነው። ቦቢ ከመኪናው ወርዶ አንዲት ጭነት መኪና ላይ ይወጣል፤ ሸራ የለበሰ ፒያኖ ያገኛል፤ በዚያ ሁሉ የጥሩምባ ጩኸት መሐል የሾፓንን ፋንታዚ በኤፍ ማይነር ይጫወታል። ማንም አልጠየቀውም፣ ለማንም ሊታይበት አልፈለገም። መኪናዋ መንገድ ቀይራ ይዛው ስትሄድ እንኳ አያቆምም። ምንም የማይሰማው ሰው እንዲህ አያደርግም።

ይህ ግን ከሬዬት ዕዳ ነጻ አያወጣውም። ቤተሰቡ እንዳያያት ሞቴል ውስጥ ጥሏት ይሄዳል፤ የምትመጣው በራሷ ጊዜ ነው። ከዚያ አንዲት የተማረች እንግዳ ሬዬትን እንደ ናሙና እያየች ስትተነትን ቦቢ ቱግ ብሎ ይሳደባል። ራሱ ያፈረባትን ሴት ሌላ ሰው ሲንቃት አልቻለም። እዚህ ላይ «እውነተኛ ሰው ነው» ያሉት ጓደኞቻችሁ መልስ የሚያጡ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ የምግብ ቤቱን ትዕይንት ቆርጠን በአማርኛ ሰብታይትል ልናዘጋጀው ነው። ስለ ዶሮው የሚነገረው ቀልድ አልተረጎምልን አለ። ደግሞስ ሰው ሁሉ ለምን እንደ ጀግና ያየዋል?

መልስ፦ ትርጉሙን እናስቀድም። ቦቢ ምንም ያልተጨመረበት ኦምሌት፣ በድንች ፋንታ ቲማቲም፣ ቡናና የተጠበሰ የስንዴ ዳቦ ይጠይቃል። አስተናጋጇ «መለወጥ አይቻልም» ትለዋለች። በመጨረሻ በተጠበሰ ዳቦ የሚሠራ የዶሮ ሳንድዊች ያዝዝና ቅቤውን፣ ሰላጣውን፣ ማዮኔዙን፣ ቀጥሎም ዶሮውን እንድታስቀር ይነግራታል፤ የሚፈልገው ዳቦውን ብቻ ነውና። ችግሩ «ሆልድ» የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የምግብ ቤት ቋንቋ «አታድርጊበት» ማለት ነው፤ በተራው ንግግር «ያዢ» ማለት ነው። «ዶሮውን ልያዘው?» ስትለው የሚሰጣት ብልግና የቆመው በዚህ ድርብ ትርጉም ላይ ነው። «ተይው» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀልዱ አለቀ። ከመጀመሪያው «ቅቤውን ያዢልኝ፣ ሰላጣውን ያዢልኝ» በሉ። ትንሽ እንግዳ ይሆናል፣ ግን መጨረሻው ይገጥማል። ሰብታይትሉንም በሁለት ክፈሉት፤ ጥያቄዋና መልሱ በአንድ ጊዜ ከታዩ ተመልካቹ ከተዋናዩ ቀድሞ ይስቃል።

እንደ ጀግና የሚታየው እናንተ ልታደርጉ ባሰባችሁት ምክንያት ነው፤ ቁራጩ ብርጭቆዎቹ ከጠረጴዛው ተጠርገው ሲወድቁ ይቆማል። እባካችሁ መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አስቀጥሉት። መንገድ ላይ ካሳፈሯቸው ሁለት ሴቶች አንዷ ስታደንቀው ቦቢ የጠየቀውን ዳቦ እንዳላገኘ ያስታውሳታል። ትዕይንቱ ያለዚህ ዓረፍተ ነገር የአንድ ጎበዝ ሰው ድል ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ማን እንደተቀመጠም አሳዩ። ሬዬት እዚያ አለች፤ የሚዋረደው ሥራ የእሷ ሥራ ነው። በአስተናጋጅነት የሠራ ተመልካች ይህችን ነገር ሳይነገረው ያያታል።

ጥያቄ፦ ኒኮልሰን ፒያኖውን በእርግጥ ራሱ ይጫወታል?

መልስ፦ የምንሰማው የፒያኖ ባለሙያዋን የፐርል ካውፍማንን አጨዋወት ነው።

ጥያቄ፦ ለፊልም ክበባችን ልናሳየው አስበናል። ባለፈው ያሳየነው ፊልም ላይ ውይይቱ ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ።

መልስ፦ ፊልሙ 98 ደቂቃ ስለሆነ ያለ ዕረፍት አሳዩት። መሐል ላይ ዕረፍት ከሰጣችሁ የነዳጅ ማውጫው ሕይወትና የደሴቱ ቤት ሁለት ፊልም ሆነው ይቀራሉ። የድምፁ ነገር ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ ታች በሬዬት ቤት የታሚ ዋይኔት የካንትሪ ዘፈን ይሰማል፣ ላይ ደሴቱ ላይ ሾፓንና ሞዛርት አሉ፤ ደካማ ስፒከር ይህን ልዩነት ይበላዋል። ስለ ስሞቹ አስቀድማችሁ ሁለት ቃል ተናገሩ። የቦቢ የመሐል ስም ኢሮይካ ነው፣ ወንድሙ ፊዴሊዮ፣ እህቱ ፓርቲታ፤ ሁለቱ ከቤትሆቨን፣ አንዱ ከባህ ቤት የመጡ የሙዚቃ ስሞች ናቸው። ልጅ ገና ሲወለድ ምን እንደሚጠበቅበት በስሙ ተነግሮታል።

ውይይቱን «ቦቢን ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትክፈቱት፤ ጭቅጭቁን የሚያመጣው እሱ ነው። በምትኩ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል መልሳችሁ አሳዩና «ካሜራው ማንን ነው የሚያየው?» በሉ። ከሽባው አባቱ ጋር ሜዳ ላይ የሚያወራበት ቦታ ለዚህ ይመቻል። ሽማግሌው መናገር አይችልም። ቦቢ የሚዘዋወረው ነገር ፍለጋ ሳይሆን፣ እሱ ከቆየ ከሚበላሹ ነገሮች ለመሸሽ እንደሆነ እየነገረው ያለቅሳል። የሚመልስለት በሌለበት ብቻ እውነቱን መናገሩን አባላቱ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው አናደደኝ። ሰውየው ሊሞት ነው የሄደው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ፊልሙ እንዲህ ብሎ አይናገርም፤ የሚያሳየው ግን ብዙ ነው። ቤንዚን ማደያ ላይ ቦቢ የገንዘብ ቦርሳውን ለሬዬት ይሰጣታል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ራሱን በመስታወት ያያል፤ ጃኬቱን እዚያው ትቶት ይወጣል። እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ላይ ይሳፈራል። ሹፌሩ የሚሄዱበት አገር ብርዱ የከፋ መሆኑን ነግሮት ጃኬት ሊሰጠው ይሞክራል፤ ቦቢ ደህና ነኝ ይላል። ቀደም ሲል ከኋላ ተሳፍራ የነበረችው ሴት አላስካን የመረጠችው በፎቶ ስታየው ነጭና ንጹሕ ስለመሰላት ነበር፤ ቦቢም ሲሰማት ነበር። ሞት ነው ያሉት ሰዎች ጃኬቱን ይዘው ነው የሚከራከሩት፤ ክርክራቸው ውድቅ አይደለም። እኛ ግን የበለጠ የሚከብደን ቦርሳው ነው። ሬዬት ነፍሰ ጡር መሆኗን ከጓደኛው ሰምቷል፤ የሰጣት ገንዘብ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ ካሜራው አይከተለውም። እዚያው ማደያው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ሬዬት ስትፈልገው ከሩቅ ትታያለች።