ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአውሮፕላን ጥገና ለምትማሩ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ቅዳሜና እሁዳችሁን ሰው በገዛ እጁ በሚሠራው አውሮፕላን ሥር ተንጋላችሁ ለምታሳልፉ ነው። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እንጀራዬን የበላሁት በትልልቅ አውሮፕላኖች ነው። ልቤን የወሰደው ግን ጋራዥ ውስጥ ተገጣጥሞ የሚበረው ትንሹ አውሮፕላን ነው፤ ከሁሉም በላይ የማዝዳ ሮታሪ ሞተር የተገጠመለት።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ቤት በተሠራ አውሮፕላን ላይ ሮታሪ ሞተር ሲያስቸግር፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ አይደለም። ሠሪው በሞተሩ ዙሪያ ባበጀው ነገር ላይ ነው። የቤንዚን መስመሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሽቦው። ይህን መቀበል ለሠሪው ይከብደዋል። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ቱቦውን የዘረጋው ግን እሱ ራሱ ነው፣ ስንት ሌሊት አምሽቶ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው በጀርመን፣ በኤንኤስዩ ኩባንያ፣ በ1957 ሠራ፤ ሐሳቡ የፊሊክስ ዋንክል ነው። ማዝዳ በ1967 ኮስሞ የምትባለው መኪናው ላይ ገጠመው። አውሮፕላን ሠሪዎች የሚወዱት 13ቢ የሚባለውን ነው፤ ሁለት ሮተር አለው፣ እያንዳንዱ 654 ሲሲ። ፒስቶን የለውም፣ ቫልቭ የለውም። ሮተር የሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል በዙሪያው ባለው ሽፋን፣ ቤቱ በምንለው ውስጥ ይዞራል፤ ሮተሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ ሦስቴ ይዞራል። ዘንጉ በደቂቃ 6000 ጊዜ ስለሚዞር ፕሮፔለሩ በቀጥታ አይገጠምበትም፤ ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ በመሃል ይገባል። ማርሹ 2.85 ለ1 ከሆነ ፕሮፔለሩ 2100 አካባቢ ይዞራል። ሠሪዎቹ የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ በሮተሩና በቤቱ መካከል ጋዝ እንዳያመልጥ ከሚዘጉት ማሸጊያዎች አንዱ ቢሰበርበት ጉልበቱ ይደክማል እንጂ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንድ የማውቀው ሰው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ከፍታ ሲይዝ ጉልበት ያጥረውና ይንተፋተፍ ጀመር። ሰውየው ወዲያው ፈረደ፤ የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ፣ አፔክስ ሲል የሚሉት፣ አልቋል አለ። እኔ ስደርስ ሞተሩን ሊያወርድ ማንጠልጠያ ተውሶ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ካንዴላዎቹን ቀይሯል፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ቀይሯል፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር ነካክቶ ቤንዚኑን አብዝቷል። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። አሁን ጠዋትም መንተፋተፍ ጀመረ። አንድ ብልሽት የነበረው ሁለት ሆነ።

መቼ ነው የሚያስቸግርህ? ስለው ሁልጊዜ አለኝ። የበረራ መዝገቡን አምጣ አልኩት። ዕቃ መቀየር ከመጀመሩ በፊት የጻፈውን ብቻ ለይተን አነበብን። ሁሉም ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሙቅ ቀን፣ ሁሉም ከአጭር እረፍት በኋላ የተነሳ ሁለተኛ በረራ። ጠዋት አንድም የለም። ልጆቼ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ሳንከፍት የሥራው ግማሽ አለቀ። ያለቀ ማሸጊያ ጠዋትና ከሰዓት አይመርጥም።

ቢሆንም ሞተሩን ከጥርጣሬ ነጻ ለማውጣት ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሮተሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ ለካን። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። የተለመደው ጌጅ ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ሮተር ሦስት ፊት አለው፤ አንዱ ፊት ቢደክም ከሁለቱ ጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ የጌጁን ቫልቭ ተጭናችሁ ያዙና መርፌውን እዩ። ቤንዚኑና ካንዴላው ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸው፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ማንም ሳይኖር፣ በማስነሻ ሞተር ብቻ ሲዞር መርፌው ሦስት ጊዜ እኩል መዝለል አለበት። ሁለት ተከታታይ ዝላይ ካነሰ የጫፉ ማሸጊያ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሁለት ክፍል ስለሚያዋስን። አንድ ብቻ ካነሰ የጎኑ ማሸጊያ ሊሆን ይችላል። የሰውየው ሞተር በሁለቱም ሮተር እኩል ዘለለ። ማንጠልጠያውን መለስነው። ኮምፒውተሩንም ወደ ነበረበት አስመለስኩት፤ አዲሱ ብልሽት ሳይጠፋ አሮጌው አይታይም።

የካንዴላውን እሳት ነገር ቶሎ ነው ያለፍነው። ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለ፤ መሪና ተከታይ። መሪውን ስታጠፉ ዙሩ በደንብ ይወርዳል፣ ተከታዩን ስታጠፉ ትንሽ ብቻ። ተከታዩን አጥፍታችሁ ምንም ካልተለወጠ ግን ደስ አይበላችሁ፤ መጀመሪያውኑ ላይሠራ ይችላል።

ቀጥሎ ቤንዚን። ሞተሩን በደንብ አሙቀን አጠፋን፤ ሽፋኑን ሳንከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ከፍቼ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ማቆየት አልቻልኩም። ፓምፑ የተገጠመው ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከማርሚታው ቱቦ በላይ ነበር። ከታንኩ ስቦ ነው የሚያመጣው፤ የሚስብ ፓምፕ ደግሞ በመሳቢያው በኩል ግፊቱን ይቀንሳል፣ ግፊቱ የቀነሰ ትኩስ ቤንዚን ይፈላል። ባሰበት ደግሞ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚተርፈው ወደ ታንኩ አይመለስም ነበር። ሠሪው ቱቦ ለማሳጠር ብሎ ፓምፑ መግቢያ ላይ ቀጥሎታል። ያው ትኩስ ቤንዚን እዚያው ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ይግላል።

ግምት ግን ማስረጃ አይደለም። ረዥም ቱቦ ቀጥለን ከአውሮፕላኑ ራቅ ባለ የብረት ጣሳ ላይ ቀዳን፤ አውሮፕላኑንና ጣሳውን በሽቦ ከመሬት አገናኝተን፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችን አድርገን። ሰዓት ይዘን ለካን። በፓምፕ ለሚሄድ ቤንዚን ልኩ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚጠጣው 125 በመቶ ነው። ጠዋት ስንለካ ልኩን አልፎ ነበር። አሁን ግን አረፋ ቀላቅሎ እየተቆራረጠ ወረደ፣ ልኩንም አልሞላም። ፓምፑን ዝቅ አድርገን ታንኩ አጠገብ ገጠምነው፤ መመለሻውን ወደ ታንኩ ወሰድነው፤ ማርሚታው አጠገብ ያለውን ቱቦ ከሙቀት ከለልነው። ሞተሩ ላይ አንድ ብሎን አልተፈታም።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሮታሪ ሙቀት አይችልም። ቤቱ አሉሚኒየም፣ ጎኑ ብረት ነው፤ አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለ በመሃል ያለው የውሃ ማሸጊያ ይበላሻል። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ ጌጁ ሊያታልላችሁ ይችላል። ሙቀት ለኪው አየር ውስጥ ይቀርና የወረደ ሙቀት ያሳያል፤ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ስለዚህ የውሃ ግፊት ጌጅ አስገጥሙ። ግፊቱ በድንገት ከወደቀ የሙቀቱን ቁጥር አትመኑ፤ አሳርፉ።

ጥገናው ሲያልቅ፣ ብልሽቱ የታየበትን ሁኔታ ራሱን መልሳችሁ ፍጠሩ። እኛ ሙቅ ከሰዓት ጠበቅን። አውሮፕላኑን አስረን በሙሉ ጉልበት አስነሳነው፣ አጥፍተን አስቀመጥነው፣ እንደገና አስነሳነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው ብቻውን ተነስቶ ከማረፊያው ሳይርቅ ከላይ የዞረው። ባለቤቶች ይቸኩላሉ፤ ጠዋት በቀዝቃዛው አስነስተው ይኸው ተሠራ፣ ፈርሙልኝ ይሏችኋል። ከሰዓት በኋላ እስኪሞከር ድረስ አትፈርሙ። ቢቆጡም።