ስለ ቼናይ ኢኮኖሚ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የደቡብ ሕንዷን ቼናይንና በዙሪያዋ ያለውን የኢንዱስትሪ አካባቢ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መኪና አምራቾች ቼናይን ለምን መረጡ?

መልስ፦ ሙያው ቀድሞ ስለነበረ ነው። አሾክ ሌይላንድ ከ1948፣ ኤንፊልድ ሞተር ሳይክል ከ1955 ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ መለዋወጫና ጎማ የሚያመርተውም አብሮ አድጓል። ሃዩንዳይ በ1996 ሲመጣ ወደብ፣ ባለሙያና መሬት አንድ ላይ አገኘ። መሬቱን የሚያዘጋጀው የታሚል ናዱ ክልል ድርጅት ሲፕኮት ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃ አቅራቢዎች የግድ ፋብሪካው አጠገብ መሆን አለባቸው?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ብሎንና ሴንሰር ከሩቅ መጥቶ መጋዘን ይቀመጣል። ወንበርና ዳሽቦርድ ግን ቦታ ይፈጃሉ፣ ዓይነታቸውም ከመኪና መኪና ይለያያል። አቅራቢው መኪኖቹ በመገጣጠሚያው መስመር የሚመጡበትን ተራ ተቀብሎ በዚያው ልክ ያሰናዳል። ከኋላ በሚራገፍ የጭነት መኪና መጨረሻ የሚፈለገው መጀመሪያ ይጫናል። አንድ ወንበር ተራውን ከሳተ ተከታዮቹ ሁሉ ይዛባሉ፤ ጭነቱ ከዘገየ መስመሩ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ኖኪያ ሲዘጋ አካባቢው አልወደቀም?

መልስ፦ ሠራተኛው ክፉኛ ተጎድቷል። በ2006 ሥራ የጀመረው፣ ቼናይ አጠገብ ባለችው በስሪፔሩምቡዱር የሚገኘው የስልክ ፋብሪካ በግብር ክርክር ታግዶ የኖኪያን የስልክ ሥራ ወደገዛው ማይክሮሶፍት ሳይተላለፍ ቀረና በ2014 ተዘጋ። ሙያውና መሠረተ ልማቱ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ የታይዋኑ ኩባንያ ፎክስኮን በዚያው ከተማ አይፎን ይገጣጥማል።

ጥያቄ፦ ትልቁ ስጋት ምንድን ነው?

መልስ፦ ውሃ፣ ያለ ጥርጥር። ዝናቡ በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው የሚጥለው። የ2015 ጎርፍ የመኪና ፋብሪካዎችን አስቆመ፤ በ2019 ደግሞ አራቱ ዋና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም። ኮያምቤዱ ያለው ጣቢያ የከተማ ፍሳሽ አጣርቶ በቀን 45 ሚሊዮን ሊትር ለነስሪፔሩምቡዱር ፋብሪካዎች እንዲሰጥ ተሠርቷል። በእኔ እምነት የባሕር ውሃ ከማጣራት ይህ መቅደም ነበረበት፤ ፍሳሽ ጨው ስለሚያንሰው ሜምብሬኑ (ውሃውን አሳልፎ ጨውን የሚያስቀረው ስስ ማጣሪያ) የሚፈልገው ግፊትና መብራት ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ለእኛ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቅም ልምድ አለ?

መልስ፦ አለ። ቼናይ የሚገኘው ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር አብሮ ሠርቷል። በመጀመሪያ፣ ጥሬው ቆዳ ሳይዘፈዘፍ፣ እንዳይበሰብስ የተነሰነሰበትን ደረቅ ጨው አራግፉ። አንዴ ከሟሟ የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ አያወጣውም፤ ሜምብሬንና ማትነኛ ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ብዙ ኃይል ይበላል።

ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም በተመለከተ፣ ክሮም ያለበትን ፍሳሽ ከሌላው ሳትቀላቅሉ በራሱ ቦይ ሰብስቡ፤ ፀጉርና ስቡን በወንፊት አውጡ። እያማሰላችሁ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 ገደማ እስኪደርስ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ጨምሩና አሳድሩት። ክሮሙ ሲዘቅጥ ላይ ላዩን ቀድታችሁ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ብታሟሙት ተመልሶ ለማልፋት ይውላል። ኮስቲክ ሶዳ ከተጠቀማችሁ ዝቃጩ ልል ስለሚሆን በጨርቅ መጭመቂያ ካላጣራችሁት አይሆንም። አሲዱን በጓንትና በመነጽር፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ዝቃጩ ጨምሩ እንጂ ዝቃጩን አሲዱ ላይ አትገልብጡ።