«ይግቡ» ስትል «አንቺ» የነበረችው

ጥያቄ፦ የስልክ ጌሞችን መግለጫ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚለውን አንዱ «የሚና ጨዋታ»፣ ሌላው «የትወና ጨዋታ» ይለዋል። የትኛው ይሻላል? ለመሆኑስ፣ በየትኛውም ጌም አንድ ሰው ሆነን እንጫወት የለም ወይ? ይሄኛው በምን ተለየ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፤ እሱ ካልጠራ ስሙም አይጠራም።

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ «ባርሳ እኔ ነኝ» የሚል ልጅ ሌላ ሰው አልሆነም። ቼዝ ላይ «ነጭ እኔ ነኝ» እንደማለት ነው፤ ወገኑን ነው የነገረን። አሁን ደግሞ እቃቃ የሚጫወቱ ሁለት ሴት ልጆችን ያዳምጡ። ግቢያችን ውስጥ አንዷ «ቤቶች!» ብላ ብቅ ስትል ሌላዋ ብድግ አለች፤ «ይግቡ፣ ይግቡ! ምነው ጠፉ?» ቅጠል በቆርኪ አቀረበችላትና «ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» እያለች ትለምናት ጀመር። እንግዳዋ ቆርኪውን ስትደፋው ግን፣ «አንቺ! ተይ አታበላሺብኝ!»

«እርስዎ» በአንድ ትንፋሽ «አንቺ» ሆነ። ሚና ማለት ይኸው ነው፤ ሲገቡበትም ሲወጡበትም ግሱ ይናገራል። አማርኛችን በዚህ ጉዳይ አያስደብቅም፤ ከማን ጋር እንደምናወራ፣ ከልጅቷ ነው ከእንግዳዋ፣ ሳናሳውቅ አንድ ትእዛዝ እንኳ አይወጣንም።

ታዲያ እቃቃ ሮል ፕሌይንግ ጌም ነው? አጎቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ያደጉ ሁሉ ያስታውሱታል፦ «መታሁህ!» «አልነካኝም!» ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ ነው፤ የሚፈርድ ደንብ የለማ። ያንን ፍርድ ያመጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያወጡት፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያወሩ የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። አንዱ ተጫዋች «መብራቱን አጥፍቼ በመስኮት እወጣለሁ» ይላል። ጨዋታውን የሚመራው ሰው መስኮቱ ከፍ ያለ መሆኑን ይነግረውና ባለ 20 ገጽ ዳይስ ያስወረውረዋል። ቁጥሩ ካነሰ ወደቀ፤ «አልወደቅኩም» ብሎ ክርክር የለም። ጉልበቱ፣ ብልሃቱ፣ ቅልጥፍናው በወረቀት ላይ በቁጥር ሰፍሯል፤ ዛሬ ያተረፈውም ያጣውም ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆየዋል። ዋናው ግን መስኮቱን ማንም አለማዘዙ ነው። በሩን ሊሰብር፣ ዘበኛውን በገንዘብ ሊደልል ይችል ነበር።

«የትወና ጨዋታ»ን የማልወደው ለዚህ ነው። ትወና ስንል የተጻፈ ቃለ ተውኔትና ተመልካች ይታየናል፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደራሲም ተመልካችም የለም። «ሚና» ይሻላል፤ ችግሩ ጋዜጠኞቻችን ጨርሰውታል። «በልማቱ የላቀ ሚና ተጫውተዋል» ሲባል ስንት ዓመት ሰማን! ሚና «አስተዋጽኦ» ወደ ማለት ተንሸራቷል። ቢሆንም «የሚና ጨዋታ»ን ይያዙ፤ የለመደው ብዙ ነው፣ ሌላ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን «የሌባ ሚና ይጫወታሉ» ከማለት «ሌባ ሆነው ይጫወታሉ» ማለት ይቀላል፣ ያምራልም።

በነገራችን ላይ ስሙ ለባለቤቶቹም ቶሎ አልመጣላቸውም። የ1974ቱ እትም ሽፋን ራሱን የሚጠራው የጦርነት ጨዋታ ደንብ ብሎ ነው። መሪውንም መጀመሪያ «ዳኛ» ነበር የሚሉት። እኔ ብሆን «አጫዋች» እለዋለሁ። ቃሉ ድሮ ንጉሥ ፊት የሚያስቀውን ሰው ያስታውሳል፣ እውነት ነው፤ ግን «አጫወተኝ» ስንል አወራኝም፣ አብሮኝ ተጫወተም ማለታችን ነው፤ የዚህ ሰው ሥራ ደግሞ ሁለቱም ነው። «ቡና ጠጥተን ስንጫወት አመሸን» የሚል ሰው ኳስም ካርታም አልነካም፣ ሲያወራ ነው ያመሸው። ከጠረጴዛው የሚና ጨዋታ ላይ ዳይሱን ቢያነሱት የሚቀረው ይኸው ወግ ነው። «ጨዋታ» የሚለው ቃላችን ይህን ያህል ልክ የሚሆንለት ሌላ ጌም አላውቅም።

ወደ ስልኩ ስንመጣ ዳኝነቱንም ዳይሱንም ኮምፒውተሩ ወስዶታል። ብዙዎቹ ቁጥር እያሳደጉ ብቻ በዚህ ስም ይሸጣሉ፤ ጀግናው «ደረጃ 40» ደርሶም አንድ ነገር በራሱ አልወሰነም። መግለጫውን ሲመልሱ ያንን ማስተካከል የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእርስዎ ሥራ ግሱ ነው። «ድምፅ ይቀንሱ»፣ «ጨዋታውን ያስቀምጡ» የሚሉት ቁልፎች ስልኩን የያዘውን ሰው ያናግራሉ፤ «እርስዎ» ይበቃል። ታሪኩ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚናገሩት ከገጸ ባሕርይዋ ጋር ነው። ተጫዋቹ ጢማም ጎረምሳ ቢሆንም፣ ወንበዴዋን መርጦ ከገባ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ «ወዴት ነሽ?» ይበለው።