ሳይንሱን የማያውቅ ጠበቃ ፓተንቴን ሊጽፍልኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አዘዞ አካባቢ ከሚኖሩ እናቶች ከሰበሰብኩት የእንጀራ እርሾ አንድ ባክቴሪያ ለይቼ አውጥቻለሁ። በመጠን ተለክቶ ሊጥ ላይ ሲጨመር እንጀራው ቶሎ አይሻግትም። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላወጣበት አስቤ አንድ ጠበቃ ባማክር «ሳይንሱን ለአንቺ፣ ሕጉን ለእኔ ተይው» አሉኝ። አማካሪዬ ደግሞ «ጠበቃ ስለዚህ ምን ያውቃል፣ እኛው እንጽፈዋለን» ይላሉ። የማንን ልስማ? ወይስ እኔው ሕግ ልማር? የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርበው በሚቀጥለው ወር ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርሽን አስቀድማለሁ፤ ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። በጽሑፍም ሆነ በቃል ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስነቱ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ቆመሽ ስታቀርቢው፣ ጽሑፉም ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ ገለጥሽው ማለት ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ከዚያ ቀን በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ይግባ። ካልደረሰ ደግሞ የትምህርት ክፍሉን ቀኑን እንዲያራዝምልሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሁለቱ መካሪዎችሽ ልምጣ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውሻል፤ ግማሹ ግን ሊጎዳሽ ይችላል። የፓተንት ማመልከቻ ልቡ «ይህ ይህ የእኔ ነው» ተብሎ የሚዘረዘርበት የይገባኛል ክፍሉ ነው። እሱ እንደ መሬት ወሰን ነው። አንዲት ቃል ስትጠብ ጎረቤት ይገባብሻል፤ ስትሰፋ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ነገር ትነካና ሁሉም ይፈርሳል። ወሰኑን በትክክል ለማስመር ቤተ ሙከራው ውስጥ የሆነውንም፣ ዳኛው ነገ የሚጠይቀውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሳይንሱን ለአንቺ የተወ ጠበቃ የቱ ቃል እንደሚያጠብሽ አያይም። ሕጉን የማያውቅ ሳይንቲስትም ለመጽሔት እንደሚጽፈው ውጤቱን ይተርክና ወሰን ሳያስቀምጥ ይጨርሳል።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ጤፋችን አሳይቶናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያመለከተበትን የጤፍ ዱቄት ፓተንት የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በ2007 ሰጠው። የይገባኛሉ ማጠንጠኛ አንድ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነበር። እህሉ ሲፈጭ የመውደቅ ቁጥሩ ቢያንስ 250 መሆን አለበት ይላል። ይህ ቁጥር የተበጠበጠ ዱቄት በሙቅ ውሃ ውስጥ ተይዞ፣ ዘንጉ እስከ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። ስታርች የሚፈጨው አልፋ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል። ብቅል የሚያበቅል ሁሉ ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ የበቀለ እህል ዱቄት አይጠነክርም። በደንብ ደርቆና ሰንብቶ የተፈጨ ጤፍ ቁጥሩ ከፍ ቢል ምን አዲስ ነገር አለው? ይህን ለመጠየቅ ግን ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ይቀድማል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራዊ እርምጃ የለውም፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ ከሆነው ያለፈ ነገር አልጨመረም ብሎ ፓተንቱን ውድቅ አድርጎታል። ያን ጊዜ ግን ከኢትዮጵያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የጤፍ ውል የተዋዋለው ይኸው ኩባንያ ከከሰረ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሌሎች አገሮች ለዚህ ሥራ የተለየ ባለሙያ አለ። አሜሪካ ውስጥ የፓተንት ጠበቃ ለመባል የሕግ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። በሳይንስ ወይም በምህንድስና መማር፣ የፓተንት ቢሮውንም ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በሕይወት ሳይንስ የሚሠሩት ብዙዎቹ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ወይም በባዮኬሚስትሪ ዶክትሬት ይዘው ነው ሕግ የተማሩት። ሕግ ሳይማሩ ፈተናውን ብቻ ያለፉት የፓተንት ወኪል ይባላሉ፤ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፍርድ ቤት ግን አይቆሙም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የሕግ ዲግሪው አይጠየቅም። የሳይንስ ዲግሪ፣ በባለሙያ ሥር የሦስት ዓመት ልምምድና ከባድ ፈተና ነው መንገዱ። ነገሩ ቅንጦት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው የተለወጠ፣ ድፍድፍ ነዳጅ የሚያፈርስ ባክቴሪያ ፓተንት ይገባዋል ብሏል። በ2013 ደግሞ ከሰው አካል የተለየ ተፈጥሯዊ ዲኤንኤ አይገባውም፣ በቤተ ሙከራ የተቀናበረው ሲዲኤንኤ ግን ይገባዋል ብሎ ለየ። ይህን ልዩነት በባዮሎጂ መጽሐፍ ያልተረዳ ሰው በሕግ መጽሐፍ ብቻ አይረዳውም።

የአንቺ ጉዳይም እዚሁ መስመር ላይ ነው። የእኛ አዋጅ ግኝትን፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያንም ከፓተንት ያወጣል። ባክቴሪያዋን እርሾ ውስጥ አገኘሻት እንጂ አልሠራሻትም። ስለዚህ «ባክቴሪያዋ የእኔ ናት» የሚል ይገባኛል ደካማ ነው። ስንት ተጨምሮ፣ በስንት ሙቀት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ሻጋታው እንደሚዘገይ የሚያሳየው የአሠራር ዘዴሽ፣ ወይም በዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማስጀመሪያ እርሾ፣ የተሻለ መቆሚያ አለው። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅሽም ይህንኑ ነው። ያለ ባክቴሪያዋ የተጋገረ ማነጻጸሪያ አለሽ? ስንት ጊዜ ደገምሽው? ዝርያዋን በምን ለየሻት? በጽሑፍ ብቻ የማይገለጥ ሕያው ነገር እውቅና ባለው ማከማቻ ይቀመጣል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የቡዳፔስት ስምምነት አለ። ይህን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ወረቀትሽን ባይነካው ይሻላል።

ደግሞ እናቶቹን አትርሺ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል። እርሾውን ስትሰበስቢ ፈቃድ ነበረሽ? ለፓተንት ከማመልከትሽ በፊት ይህ ይጥራ። ከየትኛው ቤት፣ ምን ቀን፣ እናትዮዋ እርሾውን እንዴት እንደምትይዘው ነግራሽ ከሆነ፣ ሁሉንም መዝግቢ። የእነሱ እውቀት ድርሻ እንዳለው እኔም አምናለሁ፤ ሕጉም ይላል።

ሕግ ልማር ላልሽው፣ ለዚህ ማመልከቻ ስትዪ አትማሪ። መደበኛው የሕግ ዲግሪ 5 ዓመት ነው፤ መመረቂያሽ ደግሞ የሚቀጥለው ወር። ልብሽ ከወደደው ግን ከልቤ እመክርሻለሁ፣ አገራችን ሁለቱንም በአንድ ጭንቅላት የያዘ ሰው እጅግ ያስፈልጋታልና። ለአሁኑ የአማካሪሽንና የጠበቃውን ወንበር አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ጠበቃው ቤተ ሙከራሽን መጥቶ ይይ፣ የማስታወሻ ደብተርሽን ይመልከት፣ ይገባኛሉን አማካሪሽ ፊት ቃል በቃል ያንብብ። አልመጣም ካለ ሌላ ፈልጊ።

ባለቤትነቱንም ሳታጣሪ አትፈርሚ። ቅጥረኛ በሥራ ውሉ የሠራው ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። አንቺ ተማሪ ነሽ እንጂ ቅጥረኛ አይደለሽም፤ አማካሪሽ ግን ናቸው፤ ኬሚካሉም የዩኒቨርሲቲው ነው። የምርምር ጽሕፈት ቤቱን መመሪያ ቅጂ ውሰጂና የሦስታችሁን ድርሻ በጽሑፍ አድርጉት። ፓተንቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይጸናል፤ አገር ውስጥ ከተሠራበትም 5 ዓመት ይጨመርለታል። ቀን የተጻፈበትን የቤተ ሙከራ ደብተርሽን ቆልፈሽ አስቀምጪ፤ ነገ ጠዋትም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሂጂ።